የጎሴ ልደት፣ ጎሴ በሌለበት

ጎሴ የሞተው ድልድዩን ወደ ላይ እንዳነሳው ነው። ሁለት ጀልባ አሳለፈ፣ ለሦስተኛው እጁን አውለበለበ፣ ወደ ጠባቂ ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ልቡ እዚያው ቀጥ አለች። ድልድዩ ግን ሰማይ ሰማይ እያየ ቀረ። በወዲህ በኩል የወተት መኪናው፣ በወዲያ በኩል አውቶቡሱ፣ ከኋላቸው ብስክሌቱና ትራክተሩ ተኮልኩሎ፣ የአልደሲል መንደር ሰው ግማሹ ቆሞ ጠበቀ። አንድም የተቆጣ አልነበረም። «ጎሴ ነው፤ ይሄኔ የሆነ ነገር ሊያሳየን ነው» እየተባባለ ሳቁን አዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀው። አንዳንዱማ ቀልዱ እንዳያመልጠው ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ወርዷል። በመጨረሻ አንዱ ደረጃውን ወጥቶ የጠባቂ ቤቱን በር ከፈተ።

ታሞ ቢሆን ኖሮ ሰው ልቡን ያዘጋጅ ነበር። በዋዜማው እኮ በጎረቤቱ በሹርድ በረት ገብቶ፣ ሹርድ ላም ሲያዋልድ ፋኖስ ይዞለት፣ ጥጃው ገና እግሩ ሳይቆም «ሹርድ፣ ቁርጥ አንተን! ጆሮውን እየው እስቲ» እያለ ሲያሾፍበት ነበር ያመሸው።

ጎሴ ሆዱ የቀደመ፣ መላጣው የሚያበራ፣ ሚስት ሳያገባ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነበር። «ድልድዩ ሲነሳ ሚስት ትሄዳለች፣ ሲወርድ እናቷ ትመጣለች፤ ምን በወጣኝ!» ይላል ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ። በፍሪስላንድ አውራጃ ቦዮች እንደ ድሮው የማለፊያ ሳንቲም የሚሰበሰበው ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ ላይ በተንጠለጠለች የእንጨት ጫማ ነው፤ ጠባቂው ያወርዳታል፣ ባለጀልባው ሳንቲሙን ይጥላል። ጎሴ ጀልባ ላይ ሕፃን ካየ ጫማዋን ሳብ አድርጎ ከረሜላ ሞልቶ መልሶ ያወርዳት ነበር። አንድ ጊዜ ነጭ ኮፍያ ያጠለቀ የትልቅ ጀልባ ጌታ «ፈጠን በል እንጂ አንተ!» ብሎ ቢጮህበት፣ ጎሴ ጫማዋን ቀስ፣ ቀስ አድርጎ አወረደለት። ሰውየው ሳንቲሙን ሊጥል ጎንበስ ሲል ውስጧ ቀንድ አውጣ ተጎልታለች። «ይቅርታ ጌታዬ፤ መንግሥት ከእሷ የፈጠነ ሠራተኛ አልቀጠረልንም» አለው።

ታናሽ እህቱ ሪንስኬ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ነገር ሁሉ በልኩ፣ በሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላ። ጧት ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ በጎሴ ድልድይ ነው የምታልፈው፤ ጎሴ ደግሞ አንድም ጀልባ በሌለበት የእሷን መኪና ሲያይ ድልድዩን ያነሳዋል።

«ማለፊያ!» ይላታል መስኮቱን ከፍቶ።

«ጎሴ፣ እየረፈደብኝ ነው!»

«ደንብ ነው እህት ዓለም። ከጀልባ ሳንቲም፣ ከሪንስኬ ፈገግታ። ጥርስ ካልታየ ድልድይ አይወርድም።»

«ለአለቃህ ነው የምናገረው!»

«ተናገሪ! እሱም ጥርስሽን አይቶ አያውቅም፤ ሊያይ ይመጣ ይሆናል።»

ሪንስኬ ጥሩንባዋን ትነፋለች፣ ከኋላዋ ያሉትም ይነፋሉ፣ በመጨረሻ ጎሴ «በዱቤ ነው!» ብሎ ይለቅላታል። እሷ ፊቷን ኮስተር እንዳደረገች ታልፋለች። ማዞሪያውን ከታጠፈች በኋላ ብቻዋን መሪዋን ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቅ ነበር። ይህን ግን ያየ ሰው የለም፤ ጎሴም አላየም።

ስለ ልደት ደግሞ ይወራ። በአልደሲል ልደት ማለት ወንበር ማለት ነው። ወንበሩ ግድግዳውን ተደግፎ ክብ ይሠራል፤ ሰው ይደረደራል፤ አንድ ቡና፣ አንድ ቁራጭ ኬክ፣ አንድ ብስኩት፤ ከዚያ የብስኩቱ ቆርቆሮ ክዳን ጠቅ ብሎ ይዘጋል። የገባ ሁሉ ክቡን እየዞረ ይጨብጣል። እንኳን ደስ ያለህ የሚባለው ባለልደቱ ብቻ አይደለም፤ እናቱ «በልጅዎ»፣ እህቱ «በወንድምሽ»፣ ጎረቤቱ «በጎረቤትህ» እየተባሉ ደስታው ይታደላል። ሰው ለብቻው አይወለድማ። ጎሴ ይህን ወግ በጣም ይወደዋል፤ ስለሚወደውም ያላግጥበታል። የድመቷን መዳፍ ጨብጦ «በጌታሽ እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል። አንድ ዓመት አድራሻ ተሳስቶ በር ያንኳኳ የዕቃ አድራሽ ጎትቶ አስገብቶ፣ ሁሉንም አስጨብጦ፣ ኬክ አብልቶ ሸኘው፤ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ የማን ልደት እንደሆነ አላወቀም። እናቱ እማማ አልቼ የቆርቆሮውን ክዳን ሲዘጉ ደግሞ በየዓመቱ «ወይኔ ጣቴን!» ብሎ ይጮኻል። በየዓመቱ ያው ቀልድ፣ በየዓመቱ ያው ሳቅ።

በቀብሩ ዕለት ይኸው ወግ ጉድ አፈላ። ከመቃብር መልስ ቤተሰቡ በመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ተሰልፎ እየጨበጠ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል። ወንበሩ ያው የልደት ወንበር፣ ቡናው ያው ቡና፣ ኬኩም ያው ኬክ። ሹርድ ተራው ደረሰ። ሹርድ በር የማይበቃው ግዙፍ ሰው ነው፤ ከላም ጋር ሲሆን አፉ ማር ነው፣ ከሰው ጋር ሲሆን ግን ይተሳሰራል። ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ የእማማ አልቼን እጅ በሁለት መዳፉ አፍኖ፣ ዕድሜ ልኩን በዚህ ሰልፍ ላይ ሲል የኖረውን በሙሉ ድምፁ አለው።

«እንኳን ደስ ያለዎት እማማ አልቼ፤ በልጅዎ!»

ሰልፉ ቀጥ አለ። ይህን ጉድ ሰምቶ መሬት ላይ የሚንከባለል አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ አሁን አፈር አልብሰውት መምጣታቸው ነው። እማማ አልቼ ፈጠን ብለው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሪንስኬ የእናቷን ትከሻ አየች፣ ከዚያ ሹርድን አየችው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን የሚለምናትን ሰው የምታይበት ዓይን አላት፤ በዚያ ነው ያየችው።

«ውጣ» አለችው።

ሹርድ ቡናውን እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ አልቼ የጎሴን ስም አላነሱም። ሪንስኬ ስትመጣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ድንች ዋጋ ያወራሉ። ድልድዩ ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ተገትሮ፣ ወሬው ወደ ድልድዩ ከተጠጋ «ሻይ ልጨምርልሽ?» ይላሉ። ሪንስኬም እንዳይከፋቸው ብላ አትነካካም። ሁለቱ ተቀምጠው ሻይ ሲጨማመሩ ይውላሉ።

ሪንስኬን ያስፈራት ዝምታው አዲስ አለመሆኑ ነው። አባታቸው የሞቱ ጊዜም እንዲህ ነበር። ኮፍያቸው ሳጥን ገባ፣ ወንበራቸው ጥግ ሄደ፣ ስማቸው ከቤቱ ወጣ፤ ለዓመታት በዚያ ቤት አባት ያልነበረ ሆነ። ያን የሰበረው ጎሴ ነው። ገና ቁምጣ ለባሽ ሳለ አንድ ቀን እራት ላይ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ መጣ፣ ወንበሩን ከጥግ ጎትቶ ተቀመጠ፣ ሾርባውን ልክ እንደ አባቱ ፉት ሲል ቤቱ ተንጫጫ፤ ከዚያ ድምፁን አጎርንኖ «አልቼዬ፣ ጨው!» አለ። እናታቸው ጭልፋውን አነሱ። ሪንስኬ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ እናቷ ጨው እያቀበሉ ነበር። «የአባታችሁ ፉት ማለት ከዚህም ይብስ ነበር» አሉ፤ አባትየው በዚያች ሌሊት ወደ ቤታቸው ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ሪንስኬ እናቷን አንቱ እንዳለች ኖረች፤ ጎሴ ግን እስኪሞት ድረስ «አልቼዬ» ነበር የሚላቸው፤ ለሌላ ሰው ያልተፈቀደ ነገር ነው።

እንግዲህ አባቱን ጎሴ መለሳቸው። ጎሴን ማን ይመልሰዋል? ሪንስኬ ራሷን ብታይ ከአንገት በላይ እንኳ ቀልድ አልተገኘባትም። ወንድሟ ሁለት ጊዜ ሊሞት ነው፤ አንዴ በልቡ፣ አንዴ በዚህ ሻይ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት።

የልደት ቀን መቁጠሪያ በዚያ አገር የሚሰቀለው ሽንት ቤት ውስጥ ነው፤ ማንም በቀን ውስጥ ሳይጎበኘው የማይቀር ቦታ ስለሆነ። ግንቦት በገባ በማግስቱ ሪንስኬ እናቷ ቤት ሽንት ቤት ብትገባ ቀን መቁጠሪያው ገና ሚያዝያ ላይ ነው። ገለጠችው። ግንቦት ላይ፣ ዘንድሮ በሁለተኛው ቅዳሜ የሚውለው ቀን ላይ፣ «ጎሴ» ይላል፤ ራሱ ጎሴ ከጎኑ አክሊል ሥሎበታል። ውኃውን ለቃ ብዙ ቆማ ወጣች። በሳምንቱ ስትመለስ ወሩ ወደ ሚያዝያ ተመልሷል። ያን ጊዜ ቆረጠች። ልደቱ ይከበራል፤ ወንበሩ በክብ ይደረደራል፤ ከዚያ የመጣው ይምጣ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሹርድ በረት ነው። ሹርድ ድምጿን ሰምቶ ከላም ጀርባ ተደበቀ። ያን የሚያህል ሰው የሚጋርድ ላም በፍሪስላንድም አልተወለደም።

«ሹርድ።»

«የለሁም።»

«መላጣህ ይታየኛል ሹርድ።»

«ሪንስኬ፣ በእናትሽ ይቅር በይኝ። አፌን ታውቂው የለ? ለሰው የተሠራ አይደለም።» ድምፁ ከላሟ ሆድ የሚወጣ ይመስላል። «ከዚያ ቀን ወዲህ ዳቦ የምገዛው እንኳ ማዶ መንደር ሄጄ ነው።»

«ቅዳሜ የጎሴ ልደት ነው፤ እማማ ቤት። ትመጣለህ።»

ሹርድ ብቅ አለ። «የማን ልደት? አብደሻል? እማማ አልቼ ፊት ድጋሚ? ጎሴ ይሙት አልመጣም!»

ብሎ ሳይጨርስ አፉን በሁለት እጁ ከደነ። ይህን መሐላ ለሠላሳ ዓመት ሲምለው ኖሯል፤ ጎሴ ራሱ አጠገቡ ቆሞ «ግደለኝ እንጂ፣ ምን ቸገረህ!» እያለ። የሪንስኬ ከንፈር ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ወዲያው ወደ ላሟ ዞረች፤ ላሟም አየቻት።

«በዘጠኝ ሰዓት ና» አለችው ድምፅዋን አጥርታ።

«እሺ፤ ግን ስገባ ምን ልበል? እግዜር ያጽናዎት ነው ወይስ ያኛውን?»

«እኔ እንጃ ሹርድ።»

«እንግዲያው ዝም ብዬ እጨብጣለሁ። ለእኔ ዝምታ ነው የሚያዋጣኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የሪንስኬ ባል የሌ ወንበሩን ሲደረድር እማማ አልቼ ከማዕድ ቤት ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ወንበር?»

«ሰው ይመጣል እማማ» አለች ሪንስኬ።

«ለምን?»

«ቡና ሊጠጣ።»

እማማ አልቼ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። ሄደው ንጹሕ ሹራብ ለብሰው፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዘው፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ተቀመጡ።

ሰው መጣ። ግን በሩ ላይ ሲደርስ ሁሉም እግሩ ይያዛል። እጅ ይዘረጋል፣ አፍ ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። አንዱ «እህም» አለ። አንዷ «ዛሬ ደግሞ ነፋሱ!» አለች፤ ያመለጠችበት መንገድ ጥሩ ስለነበር ከኋላዋ የገቡት ሁሉ ስለ ነፋሱ አወሩ። ክቡ ሞላ። ቡና ተጠጣ፤ ሮዝ ቅብ ያለው ኬክ ተበላ። ስለ ነፋስ ሊወራ የሚችለው ሁሉ ተወራ፤ ወደ ዝናብ ተዛወሩ። ሪንስኬ በየአፉ ላይ የወንድሟ ስም መጥቶ ሲመለስ ታያለች።

ሹርድ በመጨረሻ መጣ። ፀጉሩ ያለበትን ያህል አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ገባ። አንድ በአንድ እየዞረ ጨበጠ፤ ትንፍሽ አላለም። እማማ አልቼ ጋ ሲደርስ እጁን ይዘው አልለቅ አሉ። ቀና ብለው ጠበቁት።

«እህስ?» አሉት።

የሹርድ ጆሮ በርበሬ መሰለ። ሪንስኬን አየ፣ ምንጣፉን አየ። «ደህና ዋሉ» አለ።

እማማ አልቼ እጁን ለቀቁት። ፊታቸው ላይ ተስፋ መቁረጥ የመሰለ ነገር አለፈ፤ ሪንስኬ አየችው፣ ግን አልገባትም።

ከዚያ ቆርቆሮውን ከፍተው አዞሩ። ሁሉም አንዳንድ ብስኩት አነሳ። ቆርቆሮው ተመልሶ እጃቸው ገባ፣ ክዳኑም ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ክቡ ሁሉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ ራሱ ሳያውቀው። «ወይኔ ጣቴን!» የሚል አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ጎሴ መሞቱን በትክክል ያወቀው። አንዷ መሐረብ ፈለገች።

ሪንስኬ ብድግ አለች። ቁጭ ብላ ብታስበው አትነሳም ነበር፤ እግሯ ነው የቀደማት። በክቡ መሐል አልፋ እናቷ ፊት ቆመች። እጇን ዘረጋች። ያ ከዓመታት በፊት የተነሳው ጭልፋ ዓይኗ ላይ እየመጣባት፣ ድምፅዋን እንደ ወንድሟ ጎላ አድርጋ አለችው።

«አልቼዬ! በልጅሽ እንኳን ደስ አለሽ።»

ባሏን የሌን ኬኩ ትን አለው። እማማ አልቼ ልጃቸውን ከታች እስከ ላይ አዩዋት። ቀስ ብለው እጇን ያዙ።

«አንቺም በወንድምሽ» አሉ እንደ ወጉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እስከዛሬ የት ነበርሽ?»

«እማማ?»

«የት ነበርሽ እላለሁ! በእኔና ባንቺ ሻይ ብቻ የመንደሩ ቦይ ይሞላ ነበር እኮ። ስሙን ላነሳ ስል ፊትሽ ይጨልማል፤ ተይ አልቼ፣ ልጅቷን አትግደያት እያልኩ እተወዋለሁ። ሽንት ቤት ገብተሽ ቀን መቁጠሪያውን አይተሽ ገርጥተሽ ስትወጪ ጊዜ፣ ዳግም እንዳታይው ወሩን መለስኩልሽ።»

«ለእኔ ብለው ነው?» ሪንስኬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ እኮ እርስዎ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው! በቀብሩ ዕለት እንኳ፣ ሹርድ ያን ጉድ ሲናገር፣ በመሐረብዎ ሸፍነው ሲንሰቀሰቁ—»

«የምን መንሰቅሰቅ! ሳቄ አምልጦኝ ነው!» እማማ አልቼ ጉልበታቸውን መቱ። «ያ ሁሉ ሰው እግዜር ያጽናዎት፣ እግዜር ያጽናዎት ሲለኝ ውሎ፣ እንዲያ ያለ ልጅ ስለነበረኝ እንኳን ደስ ያለዎት ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ልስቅ ስል ቀና ብዬ አንቺን ባይሽ ፊትሽ የእሁድ ፋርማሲ ሆኗል፤ ዝግ! ዋጥኩት። ይኸው እስከዛሬ እዚህ ላይ ቆሞ ያንቀኛል።» ደረታቸውን አሳዩ።

ሹርድ ከወንበሩ ተነሳ። ያን ሁሉ ሳምንት ያፈነው ኀፍረት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፦

«እኔ እኮ በክፋት አልነበረም! ጎሴ ይሙት!»

መጀመሪያ የፈነዳችው ሪንስኬ ናት። ማዞሪያውን ሳትታጠፍ፣ መኪና ውስጥ ሳትደበቅ፣ ሰው ሁሉ እያያት ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ፣ ጥርሷ እስከ መንጋጋዋ እየታየ፣ የእናቷን ጉልበት ይዛ ሳቀች። ከዚያ ክቡ በሙሉ ተናደ። ሹርድ ምን እንዳለ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው ግን እሱ ነው።

እማማ አልቼ አልሳቁም። አገጯን ይዘው የልጃቸውን ፊት ወደ መስኮቱ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩና ጥርሷን አዩ። ከዚያ መስኮቱን በረገዱት። ማዶ ድልድዩ ቆሟል፤ የጠባቂ ቤቱ ባዶ ነው። በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፣ ቦዩን አሻግረው ጮኹ።

«ጎሴ! አንተ ጎሴ! ድልድዩን አውርድላት፤ እህትህ ከፈለች!»

ቤቱ አሁን የሚስቀውም የሚያለቅሰውም ተደባለቀ። እማማ አልቼ መስኮቱን ዘግተው ተቀመጡ፤ የብስኩቱንም ቆርቆሮ ከፍተው ለሁለተኛ ጊዜ አዞሩት።